የጠራ ውሃ ሁሉ ጥሩ አይደለም፤ በአነስተኛ ወጪ የባሕር ዓሣን በቤት ስለ ማኖር

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ አባቶቻችን። ምሳሌው ስለ እህል የተነገረ ቢመስልም፣ እኛ ትርጓሜውን በሚገባ የተረዳነው በጅቡቲ ከተማ በሚገኘው መኖሪያ ቤታችን፣ የባሕር ውሃ በተሞላ የመስታወት ገንዳ ፊት ቆመን ነው። በችኮላችን ያፈሰስነው እህል አልነበረም፤ ሦስት ትንንሽ ዓሣዎች ነበሩ። እነሱንም መልሰን ለመልቀም አልቻልንም።

የራስን ስሕተት በጋዜጣ ማውጣት ጥቂት ያሳፍራል። ነገር ግን በወር ደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብ የባሕርን ዓሣ በቤቱ ለማኖር ቢመኝ፣ ከምኞቱ የሚያግደው የገንዘብ ማነስ ብቻ አለመሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። ስለዚህ በመጀመሪያ ሥራው እንዴት እንደሚከናወን፣ ቀጥሎ የት ላይ እንደተሳሳትን፣ በመጨረሻም ስሕተቱ እንዴት እንደታረመ በተራ እንገልጻለን።

ምኞቱ እንዴት እንደተጀመረ

እኛ ተወልደን ያደግነው በትግራይ ደጋ ነው። በልጅነታችን ከባሕር ጋር የሚያገናኘን ነገር ቢኖር፣ ከአፋር ቆላ በግመል ተጭኖ የሚመጣው አሞሌ ጨው ብቻ ነበር፤ ያ የጨው ሜዳ በጥንት ዘመን ባሕር እንደ ነበረ ሲነገር እንሰማ ነበርና። በሚሲዮን ትምህርት ቤት መምህራችን የባሕርን ፍጥረታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይሥሉልን ስለ ነበር፣ ዓሣው ነጭ፣ ባሕሩም ጥቁር ሆኖ በሐሳባችን ተቀርጾ ቀረ። ከብዙ ዓመት በኋላ ለመንግሥት ሥራ ወደ ጅቡቲ ተዛወርን። በአንድ የዕረፍት ቀን ከቤተሰባችን ጋር ወደ ባሕሩ ዳር ወርደን፣ ፊታችንን ወደ ውሃው ዝቅ አድርገን፣ ከታች የሚመላለሱትን ብጫና ሰማያዊ ዓሣዎች ባየን ጊዜ፣ ጠመኔው ምን ያህል ቀለም እንደጎደለው ተገነዘብን።

በዚያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመት የሞላት የበኵር ልጃችን፣ «አቦይ፣ ከእነዚህ ጥቂቶቹ በቤታችን ቢኖሩስ?» ስትል ጠየቀችን። እኛም ሳናስብ «ይቻላል» አልናት። ለልጅ የተነገረ ቃል ደግሞ ዕዳ ነው። በዚህም ምክንያት ከወር ደመወዛችን ከአሥር አንዱን እጅ ለስድስት ወራት ለማጠራቀም ከባለቤታችን ጋር ተስማማን። ልጃችንም በበዓል ቀን የተሰጧትን ሳንቲሞች ጨመረችበት።

ስለ ገንዳው

ጀማሪ ሰው ወጪ ለመቀነስ ሲል ትንሽ ገንዳ መግዛት ይቃጣዋል። ይህ ግን የተሳሳተ ቁጠባ ነው። በትንሽ ውሃ ውስጥ ሙቀቱም፣ ጨውነቱም፣ እድፉም በአንድ ቀን ይለዋወጣል፤ በብዙ ውሃ ውስጥ ግን ለውጡ ቀስ ስለሚል ስሕተትን ለማረም ጊዜ ይገኛል። ስለዚህ ገንዳው ከ100 ሊትር ባያንስ መልካም ነው። የእኛ ገንዳ ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱም 40 ሳንቲሜትር ነው። አሸዋና ድንጋይ ሲገባበት 100 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል።

ተሠርቶ የተዘጋጀ ገንዳ ዋጋው ስለከበደን፣ 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መስታወት በመስታወት ቆራጭ አስቆርጠን በሲሊኮን አጣበቅነው። ሲሊኮኑ ሻጋታ እንዳይዘው መድኃኒት ያልተጨመረበት መሆን አለበት፤ መድኃኒቱ ለዓሣ መርዝ ነውና። ከተጣበቀ በኋላ አንድ ሳምንት እንዲደርቅ ትተነው፣ ከዚያም በግቢያችን ውስጥ ተራ ውሃ ሞልተን እንዳያፈስ ሦስት ቀን ጠበቅነው።

የውሃን ክብደት አቅልሎ ማየት አይገባም። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ ከአንድ ኪሎ ጥቂት ይበልጣል። መስታወቱ፣ አሸዋውና ድንጋዩ ሲታከልበት የእኛ ገንዳ ክብደት የሁለት ጐልማሶች ያህል ሆነ። ይህን ሸክም የጽሕፈት ጠረጴዛ አይችለውም። ስለዚህ መቆሚያውን ከብረት አስበየድን፤ በውሃ ልክም አስተካከልነው፤ ያዘነበለ ገንዳ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃልና። ሥፍራውንም ከመስኮት አራቅነው፤ ፀሐይ በቀጥታ ያገኘችው ውሃ በፍጥነት ይሞቃል፣ አልጌ የተባለውም አረንጓዴ ነገር ይወርሰዋል።

ስለ መሣሪያዎቹ

በመደብር የሚሸጡት መሣሪያዎች ብዛታቸው ያስደነግጣል። ነገር ግን ይህ ጥበብ የተጀመረው ያለ ኤሌክትሪክ መሆኑን ማስታወስ ያጽናናል። አና ታይን የተባለች እንግሊዛዊት እመቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1846 ከቶርኪ ባሕር ዳር ሕይወት ያላቸውን የኮራል ድንጋዮች ወደ ለንደን ወስዳ በቤቷ አኖረቻቸው። ፓምፕ ስላልነበራት ውሃውን በየጊዜው በተከፈተ መስኮት አጠገብ ከዕቃ ወደ ዕቃ እያስገለበጠች አየር እንዲያገኝ ታደርግ ነበር። እንዲሁም ሊ ቺን ኤንግ የተባለ የጃካርታ ሰው በ1961 ባወጣው ጽሑፍ፣ ከባሕር የመጣ ሕይወት ያለበት ድንጋይና የአየር አረፋ ካለ፣ ዓሣ ያለ ብዙ መሣሪያ ሊኖር እንደሚችል አስረዳ። የዛሬው አነስተኛ ገንዳ ሁሉ ከዚህ ሰው ጥቂት ተበድሯል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እኛም ይህንኑ በመከተል የሚያስፈልገውን ብቻ ገዛን። አንደኛ፣ በሰዓት 1000 ሊትር ውሃ የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ፓምፕ፤ ይኸውም የገንዳውን ውሃ በሰዓት አሥር ጊዜ ያህል የሚያገላብጥ ነው። ሁለተኛ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ። ሦስተኛ፣ የሙቀት መለኪያ። አራተኛ፣ ሃይድሮሜትር የተባለው የውሃን ጨውነት የሚያሳይ መለኪያ። አምስተኛ፣ በውሃው ውስጥ ያለውን መርዝ በቀለም የሚያሳዩ የመመርመሪያ ጠብታዎች። ስድስተኛ፣ መጠነኛ መብራት። ኃይለኛና ውድ መብራት የሚያስፈልገው ኮራል ለሚያኖር ሰው ነው፤ ኮራል ደግሞ የጀማሪ ሥራ አይደለም።

በደጋ አገር የሚኖር ሰው በዚህ ላይ የውሃ ማሞቂያ ያስፈልገዋል፤ ለአብዛኞቹ የሞቃት ባሕር ዓሣዎች የሚስማማው ሙቀት ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ነውና። በጅቡቲ ግን ችግሩ ተቃራኒ ነው። በበጋ የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ፣ እኛ በማሞቂያው ፈንታ ተራ የጠረጴዛ ነፋስ ማራገቢያ ገዝተን በውሃው ፊት ላይ እንዲነፍስ አደረግነው። ነፋሱ ውሃውን በማትነን ጥቂት ዲግሪ ያቀዘቅዘዋል፤ እንስራ ላቡን አውጥቶ ውሃ እንደሚያቀዘቅዝ ማለት ነው።

ስለ ውሃውና ስለ ጨው

በባሕር ዳር መኖር በዚህ ረገድ ትልቅ ሀብት ነው፤ ውሃው በነጻ ይገኛል። ቢሆንም ከየትም አይቀዳም። በወጣትነታቸው በአሰብ ወደብ ሠርተው አማርኛ የለመዱ አንድ አረጋዊ የአፋር ዓሣ አጥማጅ፣ ጀሪካን ይዘን በወደቡ አጠገብ ቆመን ባዩን ጊዜ ሳቁና፣ «ልጄ፣ ከዚህ ብትቀዳ ናፍጣ ነው የምታጠጣቸው» አሉን። ቀጥለውም፣ «ከመርከብ ራቅ ብለህ፣ ባሕሩ ሞልቶ ወደ ዳር ሲመጣ ቅዳ፤ ሲሸሽ የከተማውን እድፍ ይዞ ነው የሚሸሸው» ሲሉ መከሩን። ምክራቸውን ተቀብለን ከከተማው ርቀን ቀዳን። ውሃውንም በጥቅጥቅ ጨርቅ አጥልለን፣ በተከደነ ዕቃ በጨለማ ክፍል ጥቂት ቀን ካሳደርነው በኋላ ወደ ገንዳው ጨመርነው።

በአዲስ አበባ ወይም በናይሮቢ የሚኖር አንባቢ ግን ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ የባሕር ጨው መግዛት ይኖርበታል። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ይገባል፤ ለ100 ሊትር ከ3 ኪሎ ተኩል እስከ 4 ኪሎ ማለት ነው። በሃይድሮሜትር ሲለካ 1.025 አካባቢ ከሆነ መልካም ነው። አንድ የሥራ ባልደረባችን ከአዲስ አበባ ደውሎ «አሞሌ ብጠቀምስ?» ብሎ ጠይቆን ነበር። አይሆንም። አሞሌም ሆነ የወጥ ጨው በአብዛኛው አንድ ዓይነት ጨው ብቻ ነው፤ በባሕር ውሃ ውስጥ ግን ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎችም ብዙ ነገሮች በልካቸው ተዋሕደው ይገኛሉ፤ የባሕር ፍጥረት የሚኖረው በእነዚህ ሁሉ ነው። የቧንቧ ውሃም በክሎሪን የታከመ ስለሆነ፣ ሳይጣራ ወይም ክሎሪኑ ሳይወጣለት ዓሣ አይገባበትም።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ውሃ ሲተን ጨው አብሮ አይተንም። ስለዚህ ውሃው በጐደለ ቁጥር በላዩ የባሕር ውሃ ብንጨምርበት ጨውነቱ ዕለት ዕለት እየበረታ ይሄዳል። የጐደለውን መሙላት የሚገባው በንጹሕና ጨው በሌለው ውሃ ነው። እኛ በመስታወቱ ላይ በቀለም መስመር አስምረን፣ ውሃው ከመስመሩ ዝቅ ባለ ጊዜ ጧት ጧት እንሞላዋለን።

ስሕተታችን

ገንዳው በተሞላ በማግስቱ ውሃው እጅግ ጠራ። የአሸዋው ቅንጣት ሁሉ ሊቈጠር ይችል ነበር። በዚያው ሳምንት የሥራ ባልደረቦቻችንን በቤታችን ለምሳ ጋብዘን ነበርና፣ ባዶ ገንዳ ለእንግዳ ማሳየት እንደ ባዶ መሶብ ሆኖ ታየን። በአራተኛው ቀን ከአንድ ነጋዴ ሦስት ትንንሽ ሰማያዊ ዓሣዎች ገዝተን አስገባን። እንግዶቻችን ተደነቁ፤ ልጃችንም ከመስታወቱ አጠገብ አልለይ አለች፤ እኛም ጥቂት ኮራን።

ከሦስት ቀን በኋላ ዓሣዎቹ ምግብ እምቢ አሉ። ወደ ውሃው ፊት ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱና እየዘጉ እንደ ቈሰለ ሰው ይተነፍሱ ጀመር። ስንፉጣቸውም ቀላ። በሳምንቱ ውስጥ አንድ በአንድ ሞቱ። ልጃችን ሦስቱንም በአበባ ማሰሮ ውስጥ ቀበረቻቸው። ከዚያም ወደ ገንዳው ተመልሳ ውሃውን ለረጅም ጊዜ ስትመለከት ቆየችና፣ «አቦይ፣ ውሃው እኮ የጠራ ነው፤ ታዲያ ለምን ሞቱ?» አለችን።

መልስ አልነበረንም። የመመርመሪያ ጠብታዎቹ ግን ካመጣናቸው ጀምሮ በካርቶናቸው እንደ ታሸጉ ተቀምጠው ነበር። ያን ዕለት ማታ ከፍተን ውሃውን ብንመረምር፣ ጤናማ ቢሆን ብጫ ሆኖ መቅረት የነበረበት ጠብታ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። ይህም አሞኒያ የተባለው መርዝ መብዛቱን የሚያመለክት ነው።

አማርኛ የሚማሩ አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉት የምንፈልገው ነገር አለ። «ጥሩ» የሚለው ቃል «ጠራ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ በግዕዝና በትግርኛ «ጽሩይ» የምንለውም የእርሱ ዘመድ ነው። ቋንቋው የጠራውን ነገር ጥሩ ብሎ ሰየመው። በገንዳችን ውስጥ የነበረው ውሃ ግን የጠራ ነበር እንጂ ጥሩ አልነበረም።

ምክንያቱ ምን እንደሆነ

ዓሣ ሲተነፍስና ሲበላ አሞኒያን ያወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ቀለም የለውም፤ ስለዚህ ዓይን አያየውም። በባሕር ውሃ ውስጥ ደግሞ መርዝነቱ ይበረታል። በሰፊው ባሕር ይህን መርዝ የሚያስወግዱ ባክቴሪያ የተባሉ ረቂቅ ነፍሳት በአሸዋውና በድንጋዩ ላይ ተሰማርተው ይሠራሉ። የመጀመሪያዎቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ይህም ራሱ መርዝ ነው። ሁለተኞቹ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬት ካልበዛ በቀር ዓሣን ብዙም አይጐዳም፤ ውሃውን በከፊል በመለወጥም ይቀነሳል።

በአዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህ ሠራተኞች ገና የሉም። ነገሩ ወንበሩና ጠረጴዛው ተዘጋጅቶ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ባለጉዳይ ተሰልፎበት፣ ጸሐፊ ግን አንድም እንኳ ያልተቀጠረበት መሥሪያ ቤት ይመስላል። ማመልከቻው ይከመራል እንጂ መልስ የሚሰጥ የለም። ረቂቅ ነፍሳቱ በበቂ ቍጥር እስኪራቡ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እኛ የሰጠናቸው አራት ቀን ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ

ባለቤታችን በዚህ ጊዜ ጉዳዩን በእጇ ያዘች። «ያ ጠብታ ለሁለት ቀን ተከታትሎ መርዝ የለም እስኪል ድረስ፣ ለዓሣ የሚሆን አንድ ፍራንክ ከዚህ ቤት አይወጣም» ብላ ወሰነች። የቤት ወጪ የምትመዘግብበትን ደብተር ከፍታም የመጨረሻውን ገጽ ለገንዳው ሰጠች። ቍጣዋ ስለ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም፤ ልጃችን ሌላ ሦስት ዓሣ እንድትቀብር አልፈለገችም።

በገንዳው ውስጥ 10 ኪሎ ያህል ደረቅ የኖራ ድንጋይ በብሩሽ አሽተን አጥበን አስቀመጥን። በከተማው ውስጥ ለብዙ ዓመታት የባሕር ዓሣ ያኖሩ አንድ መምህር ከራሳቸው ገንዳ አንድ ጭብጥ የሚያህል ድንጋይና አንድ ኩባያ አሸዋ ሰጡን። ይህ ስጦታ ዋጋው እጅግ ትልቅ ነው፤ ረቂቅ ነፍሳቱን እንደ እርሾ ይዞ ይመጣልና። ለነፍሳቱም ምግብ እንዲሆን አንድ ቁራጭ ሽሪምፕ በጨርቅ አስረን እንዲበሰብስ በውሃው ውስጥ ተውነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው። ልጃችን በየሁለት ቀኑ ማታ ውሃውን ትመረምራለች፤ እናቷም ትመዘግባለች። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አሞኒያው ከፍ አለ። ቀጥሎ እርሱ ዝቅ ሲል ናይትራይቱ ተነሣ። እኛ ከቢሮ ስንመለስ በየቀኑ «ዛሬስ?» ብለን እንጠይቃለን፤ ልጃችንም እንደ ሐኪም ራሷን ትነቀንቃለች። በአምስተኛው ሳምንት ድንጋዮቹን ቡናማ ነገር ሸፈናቸው፤ እኛ ገንዳው ተበላሸ ብለን ተስፋ ስንቈርጥ፣ መምህሩ ይህ በአዲስ ገንዳ ሁሉ የሚታይና የሚያልፍ መሆኑን ነገሩን። በ37ኛውና በ38ኛው ቀን አሞኒያውም ናይትራይቱም ጠፍተው ተገኙ። ባለቤታችንም በደብተሩ ላይ ቀኑን ጽፋ ከሥሩ ፈረመች።

ስለ ፍጥረታቱ

በመጀመሪያ ያስገባነው ዓሣ አይደለም። አልጌ የሚበሉ አራት ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። እነርሱ ሁለት ሳምንት በደኅና ከኖሩ በኋላ፣ በእርባታ የተወለዱ ሁለት ክላውን የተባሉ ዓሣዎች በነጋዴ በኩል አስመጣን። መልካቸው ብርቱካናማ ሆኖ እንደ ነጠላ ጥለት ነጭ መስመር አለባቸው። በሰው እጅ ያደጉ ስለሆኑ ደረቅ ምግብ ይበላሉ፤ ጠባብ ሥፍራም አያስጨንቃቸውም። የእነዚህ ዓሣዎች ነገር ያስደንቃል፤ ሁሉም ወንድ ሆነው ያድጋሉ፤ ከመካከላቸው ትልቁ ወደ ሴትነት ይለወጣል። ወደ ገንዳው ስናስገባቸው የመጡበትን ከረጢት በውሃው ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል አንሳፈን ሙቀቱን ካስተካከልን በኋላ፣ ለአንድ ሰዓት በጥቂት በጥቂቱ የገንዳውን ውሃ እየጨመርን አለማመድናቸው።

ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ዓሣና ኮራል ከባሕር በገዛ እጅ መውሰድ እንዴት ነው የሚል ጥያቄ ይነሣል። በብዙ አገር ይህ በሕግ የተወሰነ ነው፤ በጅቡቲም በሙሻና በማስካሊ ደሴቶች ዙሪያ ያለው የኮራል ሥፍራ የተጠበቀ ነው። ስለዚህ ሳይጠይቁና ሳይፈቀድ ምንም አይወሰድም። ከሕጉም ሌላ ማስተዋል ያስፈልጋል። በባሕሩ ዳር እጅግ ካማሩት ቢራቢሮ ዓሣ ከሚባሉት መካከል ሕያው ኮራል ብቻ የሚበሉ አሉ፤ እነዚህ በቤት ውስጥ ምግብ ሞልቶ ሳለ በረኃብ ይሞታሉ። እንዲሁም የሰለቸንን ዓሣ ወደ ባሕር መልቀቅ አይገባም። የሕንድና የሰላማዊ ውቅያኖስ ተወላጅ የሆነው አንበሳ ዓሣ ከ1985 ጀምሮ በፍሎሪዳ ባሕር ታይቶ፣ ከዚያ ወዲህ በአትላንቲክና በካሪቢያን ተስፋፍቶ የአካባቢውን ዓሣ ፈጅቷል። መነሻውም ከቤት ገንዳ የተለቀቁ ዓሣዎች እንደሆኑ ይታመናል።

ያች የሰኔ ሌሊት

ሁለቱ ዓሣዎች አምስት ወር በደኅና ኖሩ። በሰኔ ወር አንድ ምሽት ግን መብራት ጠፋ። የባትሪው መንፊያ ጥቂት ሰዓት ሠርቶ ደከመ። ማራገቢያው ስለቆመ ውሃው እየሞቀ ሄደ፤ የሞቀ ውሃ ደግሞ የሚይዘው አየር ያነሰ ነው። መለኪያው 31 ዲግሪ ባሳየ ጊዜ ዓሣዎቹ ወደ ውሃው ፊት ወጡ። ያን አተነፋፈስ ሁላችንም እናውቀው ነበር።

በዚያን ጊዜ አና ታይን ትዝ አለችን። አንድ ትልቅ ኩባያ አንሥተን ውሃውን ከገንዳው እየቀዳን ከፍ ካለ ሥፍራ መልሰን ማፍሰስ ጀመርን። እኛ ስንደክም ባለቤታችን ተቀበለችን፤ እርሷ ስትደክም ልጃችን። ዓሣ ሻጩ ጎረቤታችንም በረዶ ሰጥተውን በጠርሙስ አድርገን በደንብ ከደንነው፤ ጨው አልባው ውሃ እንዳይቀላቀል ማለት ነው፤ በገንዳው ውስጥም አንሳፈፍነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ልጃችንን «ሂጂ ተኚ» ብንላት፣ «ተራዬ አልደረሰም» ብላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። መብራቱ የተመለሰው ሊነጋ ሲል ነው። ሁለቱም ዓሣዎች ተርፈዋል።

ስለ ወጪውና ስለ ዕለት ሥራው

ሒሳቡን ለሚፈልግ አንባቢ ከባለቤታችን ደብተር እንዲህ እናካፍላለን። ከጠቅላላው ወጪ ከአሥሩ እጅ ሦስቱ ለመስታወቱና ለመቆሚያው፣ ሦስቱ ለፓምፑ፣ ለመንፊያው፣ ለማራገቢያውና ለመብራቱ፣ ሁለቱ ለመለኪያዎቹና ለመመርመሪያ ጠብታዎቹ፣ አንዱ ለድንጋዩና ለአሸዋው፣ የቀረው አንዱ ብቻ ለፍጥረታቱ ወጣ። በመጀመሪያው ሳምንት የሞቱት ሦስት ዓሣዎች ዋጋ ግን በዚህ ውስጥ አልተቈጠረም፤ እርሱን ባለቤታችን «የችኮላ ግብር» ብላ ለብቻው መዝግባዋለች። መቆጠብ የሚፈልግ ሰው ከሌላው ቢቀንስ እንኳ ከመመርመሪያው አይቀንስ።

የዕለት ሥራው ቀላል ነው። ምግብ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ዓሣዎቹ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሰው የሚበሉትን ያህል ብቻ ይሰጣል። ጧት የተነነው ውሃ ይሞላል፤ ሙቀቱም ይታያል። በሳምንት አንድ ቀን ከውሃው ከአሥር አንዱ እጅ ተቀድቶ በአዲስ የባሕር ውሃ ይተካል። አዲስ ዓሣ ለመጨመር ቢፈለግም አንድ ብቻ ይጨመራል፤ ከዚያም ብዙ ሳምንት ይጠበቃል።

በቅርቡ እነዚያው የሥራ ባልደረቦቻችን ለምሳ ተመልሰው መጡ። ከመካከላቸው አንዱ ገንዳውን በአድናቆት ከተመለከቱ በኋላ፣ የገንዘቡን ነገር ለማወቅ ፈልገው፣ «ይህ ሁሉ ስንት ፈጀ?» ብለው ጠየቁ። እኛ ገና ለመመለስ ስናስብ፣ ልጃችን ከገንዳው አጠገብ ሳትነሣ፣ «ሠላሳ ስምንት ቀን» ብላ መለሰችላቸው።